ስም የሌለበት ዕቃ ይወጣል

«አልፈልግም አልኩህ። ትናንት ነግሬሃለሁ፣ ዛሬም እየነገርኩህ ነው። አሁን ውጣልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ይህን የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው። እዚህ ቤርሼቫ፣ የሽኩና፣ የመንግሥት ሰፈር፣ ሕንጻዎች ሲሠሩ በሲሚንቶው ሰስተውበታል መሰለኝ፣ ጎረቤቴ አምሳለ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ለማንሳት ጎንበስ የምለው እኔ ነኝ። ድምጿ የቁጣ አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም ያ ነው። ተቆጥቶ ውጣ ያለ ሰው ቆይቶ ይበርድለታል፤ ቀዝቀዝ ብሎ ውጣ ያለ ግን ነገሩን ጨርሷል ማለት ነው። እሷና ባሏ አያ ሀይሌ ከተኳረፉ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። የደረጃው ጎረቤት በሙሉ ያውቃል፣ ምድር ቤት ያለችው ሩሲያዊት አሮጊት እንኳ ሳትቀር። እንግዲህ ቁርጡ ደረሰ አልኩና፣ ወለል ስወለውልበት የነበረውን እንጨት እንደያዝኩ፣ በነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ውሃ እያንጠባጠብኩበት ሄድኩ። ለማስታረቅ ይሁን ለማየት፣ እስካሁንም አላወቅኩትም።

በሩ ገርበብ ብሏል። አያ ሀይሌ በረንዳው ላይ፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለመውጣት የተሰናዳ ሰው አይመስሉም። አምሳለ ደግሞ የሰርግ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ ጣቷን ትቀስርበታለች።

«ማንን ነው የምታስወጪው?» አልኳት።

«ይሄን።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔስ ባወቅኩት። ቤቴ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ስሙን ነግሮኝ አያውቅም።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። በስክሪኑ ጥግ ቀይ ጋሻ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ «ጥበቃሽ አልቋል፣ ለአደጋ ተጋልጠሻል» ይላል በዕብራይስጥ፤ ከሥሩ ደግሞ በዓመት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሼቄል። አንዱን ጥግ ስትነካው ይጠፋል፣ ሻይ አፍልተሽ ሳትጨርሺ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን አምሳለ የመንግሥት ደብዳቤ መስሏት ነበር። እኛ በዕብራይስጥ የተጻፈ ነገር ቀይ ቀለም ካለበት ቀልድ አናውቅም። ቁጥሩን በወረቀት ገልብጣ፣ ለመክፈል ፖስታ ቤት ሄዳ፣ አርባ ደቂቃ ተሰልፋ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ የለብሽም ተብላ ተመለሰች። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አልነገርኩም፣ ለአራት ብቻ ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ እንደ በር ለበር ሻጭ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ በጨዋ ደንብ፣ ግን አስረግጣ።

ሰማያዊው ቀሚስ የተለበሰው ለፈተና ነው። አምሳለ በሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት አጽድታለች፤ ደሞዟ ግን ከሆስፒታሉ አይደለም፣ ከቃብላን ነው፣ ሠራተኛ ከሚያከራየው ኮንትራክተር። ቃብላኑ አምስት ጊዜ ተቀያይሯል፣ መወልወያው ያው ነው። አሁን ክፍሉ አንዲት የጽዳት ኃላፊ በራሱ ስም ሊቀጥር ነው። ቃብላን በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ የማትቆጠር፣ በስሟ የተጻፈ ጡረታ ያላት፣ አንዲት ብቻ። ለዚያ ተብሎ የተሰጠውን ኮርስ ወስዳ ጨርሳለች፤ የቀራት ፈተናው ነው፣ በኮምፒውተር፣ ዛሬ። ወረቀቱ አሥራ አራት ሰዓት ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት። ለአንድ ሰዓት ተከፍቶ ይዘጋል። ያመለጠው ለከርሞ ነው፣ ቦታው ግን በሳምንቱ ይሞላል። አምሳለ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለከርሞ የሚባል ነገር በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል።

ኩርፊያውም የመጣው ከዚሁ ነው። አያ ሀይሌ ስለ ኮርሱ የሰሙ ዕለት «በሃምሳ ስምንት ዓመት ደብተር?» አሉ። እሷም «ደብተር የለውም፣ በኮምፒውተር ነው» አለች። ሁለቱም ሌላ አልጨመሩም፣ እስከ ዛሬም አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «ለሰውዬው ወጡ ምድጃው ላይ ነው በይልኝ» ትለኛለች፤ «አይቼዋለሁ በያት» ይሉኛል እሳቸው፣ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን። እኔ ግን ነገሩ ንቀት አይመስለኝም። አያ ሀይሌ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ዕቃ ተሸክመዋል። አንድ ጊዜ የማልጌዛን፣ የዚያችን ዕቃ አንሺ መኪና፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ተነሥተው የጽሑፉን ፈተና ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፣ ሦስት ጊዜ ወደቁ። መኪናዋን በዓይናቸው ብቻ እያዩ ጉልበታቸው እስኪያልቅ በትከሻቸው ተሸከሙ። ስለ እሱ አይናገሩም። እኛም አንጠይቅም።

ኮምፒውተሩን የገዛችላት ልጇ አዲ ናት፣ ከቴል አቪቭ፣ በቅናሽ። አምሳለ ላዩ ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልላጠችውም፤ ካልሠራችበትም በዳንቴል ትሸፍነዋለች፣ ዝንብ እንዳያርፍበት። ሣጥኑ ከነስፖንጁ አልጋ ሥር አለ። እኔ ኮምፒውተር ማለት ባዶ ገዝተሽ የራስሽን የምታስገቢበት፣ እንደ ቁም ሣጥን ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ይሄ ግን ከእነ ዘመዱ ነው የመጣው። ሱቅ አለበት፣ አንዴ እንኳ ያልገዛችበት። ሄዳበት የማታውቀውን ከተማ የአየር ጠባይ የሚናገር አለ። ፎቶ ላስተካክልልሽ የሚል፣ ሙዚቃ ልምረጥልሽ የሚል፣ ላስተምርሽ የሚል፣ ጨዋታ፣ ሌላ ጨዋታ፣ የጨዋታ ሱቅ። ስክሪኑ እንደ ሐሙስ ገበያ ሞልቷል። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም አብረው ነው የሚነሡት፤ ጠዋት ቁልፉን ስትጫን አንዱ ሲያዛጋ፣ ሌላው ሲያስል፣ አንዲት ክብ ነገር መሐሉ ላይ ትዞራለች። ያንን መዞር አይታችኋል? በሬ ቢሆን አውድማው ተወቅቶ፣ እህሉ ተነፍሶ፣ ጎተራ ገብቶ ነበር።

«ስንት ሰዓት ከፈትሽው?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

ሦስት ተኩል ሆኗል። ትናንት መለማመጃውን ፈተና ስትሞክር ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ሰዓቱ አልቆባታል፤ መልሱ ጠፍቷት ሳይሆን፣ ጥያቄው ሳይመጣ። ይህን የነገረችኝ የጠረጴዛውን ጨርቅ እያስተካከለች ነው።

አዲ ጋ ደወልን። አምሳለ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ አዲ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ሁለት ወንዝ ጎን ለጎን። ስብሰባ ላይ ስለነበረች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ያ ሁሉ ነገር ፋብሪካው ጭኖት የመጣ ነው አለች፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ለማስታወቂያ ነው፣ ጉልበቱን የሚበላውም እሱ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ግቡ፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር አለ፣ ድምፅ ወይም ስክሪን ወይም ኢንተርኔት የሚል እንዳትነኩ። «ሌላውን ቲምሐቂ፣ ኢማ። አጥፊው። ሃኮል፣ ሁሉንም።» ከዚያ የሰው ድምፅ ተሰማ፣ ስልኩም ተዘጋ።

እንግዲህ መንገዱ ተነግሮናል፣ እንሂድ አልኩ። አምሳለ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቆሻሻ መጣያ ቅርጫት የምትመስል ሥዕል አለች፤ እሷን ከፈተችና ውስጧን አሳየችኝ። ባዶ ናት።

«አየሽ» አለችኝ፣ «ቆሻሻ የለም።»

«ታዲያ ቅርጫቱ ውስጥ ባይኖርስ? ልጅቷ አጥፊው አላለችሽም?»

«አዲ አጽድታ አታውቅም። ቅርጫት ውስጥ ያልገባ ቆሻሻ አይደለም።»

ይህንን ሕግ በቤርሼቫ ቢሮና ሆስፒታል ያጸዳች የአገራችን ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከዕብራይስጥ ፊደል በፊት የተማርነው እሱን ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት አይነካም፣ ተጨማድዶም ቢሆን። መሬት ላይ የወደቀም ቢሆን ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሚጣለው ቅርጫት ውስጥ ያለ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ያስገባው ሰው አለ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አምሳለ አንድ ጊዜ ይህን ሕግ ስታለች። የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ቡና የነካካት የአፍ መጥረጊያ ወረቀት አይታ፣ ለደግ ብላ፣ ጣለቻት። ወረቀቷ ላይ ለካ ሰውዬው የሚፈልገውን ቁጥር ጽፎባት ኖሯል። የያኔው ቃብላን ለሁለት ወር ከሥራ አቆማት፤ ስትመለስ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጠረች። በአንዲት የአፍ መጥረጊያ ዘጠኝ ዓመቷ ተጠረገ። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት፣ በፈተናዋ ቀን፣ ያላስገባሽውን ዕቃ አውጪ ስትሏት ምን ትላችኋለች?

«ፈተናው አብሮ ቢወጣስ?» አለች። «የማላውቀውን ነገር ነክቼ።»

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ፋብሪካ ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ እደረድራለሁ፣ በዚያ ሳምንት ጀርባዬን አሞኝ ሐኪም ሦስት ቀን ዕረፍት ስለሰጠኝ ነው ቤት የተገኘሁት። ቲማቲም ስንት እንደገዛሁ ጠየቀችኝ፣ ዘጠኝ ከዘጠና አልኳት፣ ገበያው ውስጥ ሰባት ነው አለችኝ፣ እሱ የፈረጠው ነው አልኳት። የዚያች የምድር ቤት አሮጊት ድመቷ መውለዷንም አነሣን። ክቧ ትዞራለች። አምስት ሰዓት ሆነ። አያ ሀይሌ ገብተው ከማቀዝቀዣው ውሃ ቀዱ፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ ዓይናቸውን ጣል አድርገው ተመለሱ። ሙቀቱ ከበረንዳው አብሯቸው ገባ፤ ከበረሃው በኩል አቧራ ይዞ የሚመጣው ዓይነት ቀን ነበር፣ የመስኮቱን መዝጊያ አውርደንም ምላሳችን ላይ ይታወቀናል።

ስድስት ሰዓት አካባቢ የአምሳለ ስልክ ጮኸ። ምስራቅ ናት፣ ዛሬ በእሷ ፈንታ ክፍሉን የያዘችው ወጣት፣ ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት። ድምጿ ለእኔም ይሰማኛል። «እማማ አምሳለ፣ ይቅርታ፣ የፈተና ቀንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ስድስት ቁጥር ሺሕሩር ነው፣ በሽተኛው ድኖ ወጥቷል። መሳቢያው ግን ሙሉ ነው፤ ጋዜጣ አለ፣ ግማሽ ኮላ፣ ቻርጀር፣ ምን የማላውቀው። ቅርጫት ውስጥ አይደለም። ምን ላድርገው?»

አምሳለ ሳታስብ መለሰች። ሰው ስሙን ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ማለቴ ነው።

«ሺሕሩር ከሆነማ የዘወትር ጽዳት አይደለም፣ ልጄ። አልጋው ለሚመጣው ሰው ነው። የበሽተኛው ስም የተለጠፈበትን ለነርሷ ስጪ። ግድግዳው ላይ የተገጠመውን እንዳትነኪ፤ ኦክስጂኑን፣ መጥሪያውን። የቀረው፣ ስም የሌለበት ሁሉ ይወጣል። ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች።»

«ሁሉም?»

«ሁ...» ብላ አቆመች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ምስራቅ «እማማ? እማማ?» ትላለች። «ሁሉም» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። አምሳለን ሠላሳ ዓመት ከምናምን አውቃታለሁ፤ በፈረንጅ ዘጠና አንድ ወደ እስራኤል የመጣንበት አውሮፕላን አንድ ነው፣ ወለሉ ላይ ተቃቅፈን የተቀመጥን። ወጥ ስትሠራ አውቃታለሁ፣ ለቅሶ ላይ አውቃታለሁ፣ ስትሰድብም አውቃታለሁ። ስትሠራ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ሆስፒታል ብሄድም እኔ በሽተኛ ነኝ፣ እሷ በኮሪደሩ የምታልፍ ሰማያዊ ጋውን ናት። ያን ቀን እጅጌዋን ሰብስባ፣ መነጽሯን ከሻሿ ላይ አውርዳ፣ ወንበሯን አስጠግታ ስትቀመጥ፣ ጎረቤቴ ሄዳ ሌላ ሴት የመጣች መሰለኝ። ጀርባዋ እንኳ ቀና አለ።

አዲ ያለችው ዝርዝር ተገኘ። አርባ አንድ ስም። እኔ ፊደሉን እየቆጠርኩ አነባለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። «ይሄ የድምፅ ነው» እላለሁ፣ «ኦክስጂን ነው፣ እለፊ» ትላለች። «የፎቶ አስተካካይ» እላለሁ፣ «ስሜ አለበት?» ትላለች፣ «የለም» እላለሁ፣ ትጫናለች። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ በአፏ ጭምር «አዎ» ትለዋለች። አንዳንዶቹ ላይ የማስወጫው ቁልፍ ደብዝዞ አይጫንም፤ «የተገጠመ ነው» ብላ ታልፋለች፣ አንዴም አላመነታችም። አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ላይ ስንደርስ እኔ ላጥፋው ባይ ነበርኩ፤ እጄን ያዘችኝ። ጎኑ ላይ በትንሹ የኢንተርኔት ምልክት ነበረች። አላየኋትም፣ እሷ አይታለች። የደም ነጠብጣብ ከአልጋ እግር ሥር አይቶ የለመደ ዓይን ነው። ሱቁ ወጣ። የማናውቀው ከተማ ዝናብ ወጣ። ላስተምርሽ ባዩ ወጣ። አንዱ በወጣ ቁጥር የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ እየቀነሰ መጣ፤ እኔ እንዲያው ጆሮዬ መስሎኝ ነበር።

ቀዩ ጋሻ በቀላሉ አልወጣም። መጀመሪያ ለምን ትተይናለሽ አለ። ከዚያ ቅር ብሎናል አለ። ከዚያ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ፣ ዘጠና ዘጠኝ።

«ሲወጣ ዋጋ የሚቀንስ» አለች አምሳለ፣ «ሲገባም አታሎናል።» ተጫነች።

ከታች ሦስተኛው ጨዋታ ነበር። ጣቷ ተንሸራትቶ ይሁን ማሽኑ ቀልዶብን፣ በማጥፋት ፈንታ ተከፈተ። ስክሪኑን ፍራፍሬ ሞላው፤ ብርቱካን፣ ሮማን፣ ወይን፣ በሰልፍ በሰልፍ የሚደረደር። ላዩ ላይ ደረጃ አርባ ሁለት ይላል። ከአርባ ሁለቱ ጎን የተጫዋቹ ስም በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፏል፤ ፊደል በፊደል አነበብኩት፣ አንድ ዮድ የተባለ ፊደል በዝቶበታል እንጂ ሀይሌ ነው።

አምሳለ በሳምንት አምስት ቀን፣ ገና ሳይነጋ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው። ዳንቴሉ ሁልጊዜ እንደተወችው ነው የምታገኘው፣ ማዕዘኑ ሳይዛነፍ። በረንዳው ላይ ሬዲዮው ዝም አለ። እኔ የሆነ ቀልድ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ እመኑኝ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ግን ፊቷን ሳየው ዋጥኩት። የምታየው አርባ ሁለቱን አልነበረም፤ ስሙን ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት በመዝገብም በፎርምም ላይ ጣቱን በቀለም ነክሮ የፈረመ ወይም ለእሷ ሰጥቶ ያስጻፈ ሰው፣ ማንም ሳያየው፣ በገዛ እጁ፣ ፊደል ፈልጎ የጻፈው ስም።

«ይሄ ስም አለበት» አለች በመጨረሻ፣ ወደ እኔ፣ ግን በረንዳው እንዲሰማ አድርጋ። ጨዋታውን ዘጋችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሲያልቅ ማሽኑ ልጥፋና ልነሣ አለ። እሺ አለችው። ጠፋ። አልተነሣም።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሁለታችን ፊት ይታያል፣ ላስቲኩ ስላለበት ተጨማድዶ። ቁልፉን ተጫነች፣ ምንም። እኔ ተጫንኩት፣ ምንም። አዲ ጋ ደወልን፣ አታነሣም። ሰባት ተኩል ሆነ። አምሳለ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ «ኦክስጂኑን ነቅዬው ይሆናል» አለች፣ በዚያ ባስደነገጠኝ ቀዝቃዛ ድምፅ። የሰርግ ቀሚሷ ብብቱ ላይ በላብ ጠቁሯል። ዘጠኝ ዓመቷ በአፍ መጥረጊያ የሄደባት ሴት ሃያ ሦስቱን ስታስብ ይታየኝ ነበር፣ ያነበብኩላትም እኔው ነኝ።

የበረንዳው ወንበር ተንቋቋ። አያ ሀይሌ መጡ፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ማናችንንም ሳያዩ። የኮምፒውተሩን ገመድ በጣታቸው ተከትለው ሶፋው አጠገብ ካለው ሶኬት ነቀሉ፤ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረው፣ ግድግዳውን ሳያዩ በመዳበስ ብቻ፣ ሌላኛው ላይ ሰኩት። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብርቱካንማ መብራት በራች። ከዚያ ቁልፉን ተጭነው ያዙ፣ በከንፈራቸው እስከ አሥር ቆጠሩ፣ ለቀቁ።

«ያኛው ሶኬት ይለቃል በያት» አሉኝ። ተመልሰው ወጡ።

«አትሰማም እንዴ፣ እዚሁ ነች» ልላቸው ነበር፣ ግን ስክሪኑ በራ። እኔ ከልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። ዘጠኝ ስል ተከፈተ። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል የዞረው ነገር ዘጠኝ እስክቆጥር። ክቧ አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች፣ አፍራ ይመስላል። ያን ያህል ሰው የተጋፋበት ገበያ ባዶ ሆኖ፣ ለካ ከኋላው ሥዕል ኖሯል፤ ሐይቅ፣ ጠዋት፣ ማዶው ላይ ጉም ያለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ነበር፣ የሸፈኑት እነሱ ናቸው። አምሳለ ጣቷን አነሣችና፣ ሳትነካው፣ ውሃውን የምትነካ ያህል አስጠጋችው። ከዚያ ጥፍሯን በማዕዘኑ ሥር ሰደደችና ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ላጠችው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከጎኗ ሰው መኖር አይፈቀድም ብላ ወደ ወጥ ቤት አባረረችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ወጥ ቤት ነው የተባልኩት፣ ዓይኔን ጨፍኚ አልተባልኩም። ጥያቄዎቹ ከነሥዕላቸው ይመጣሉ፣ ገና ሳታዝዛቸው። ለመጸዳጃ ቤት የቱ ቀለም ጨርቅ ነው፣ ለአልጋው የቱ። ክሎሩ ስንት ውሃ ላይ ስንት። ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ካለበት ክፍል ሲወጣ መጀመሪያ የሚወልቀው ጓንቱ ነው ጋውኑ። አምሳለ ዕብራይስጡን ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ እንደ ልጅ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፤ ጥያቄው አንዴ ከገባት ግን መልሱ ላይ ዓይኗ እንኳ አይቆምም። አንዱ ጥያቄ ላይ ሳቀች። በኋላ ነገረችኝ፤ «በሽተኛው ከወጣ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የተገኘ ዕቃ ምን ይደረጋል» የሚል ነበር።

እኔ የወጥ ቤቱን በር ተደግፌ፣ ይቺ ሴት ስንት ነገር ታውቃለች እያልኩ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በግድግዳ በኩል ማንኪያዋን ስሰማ፣ ይህን አልሰማሁም። በረንዳው ላይ ሬዲዮው እንደጠፋ ነው። አያ ሀይሌ ወንበራቸውን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ቤቱ አዙረውታል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻውን ተጫነች። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ቁጥር አወጣ። ማለፊያው አሥራ አራት ነበር። አምሳለ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችና ደግማ አየች። እኔን ትጠራለች ብዬ ነበር። አልጠራችኝም። በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን መሐል ሳታስገባ ወደ በረንዳው ዞረች።

«ሰማህ? ከሃያው አሥራ ሰባት።»

አያ ሀይሌ ተነሥተው ገቡ። ከጀርባዋ ቆመው ስክሪኑን አዩት፤ ቁጥሩን፣ ከቁጥሩ ሥር በዕብራይስጥ የተጻፈውን ስሟን፣ ፊደል በፊደል፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«እኔ አርባ ሁለት ላይ ነኝ» አሏት።